የጎበጠው ባሕር

ዋሴ፣
ካርዱን ገልብጠህ ባሕሩ እንደ ቀስት ጎብጦ ስታየው፣ «ስንሻው እስራኤል፣ ነታንያ ሄዶ ሙያውን ረሳ እንዴ?» እንዳትለኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ሰባት ፎቶ አንስቼ፣ አንዱን ካንዱ የገጣጠምኩት ነው። ባሕሩ ከሥሬ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ማለዳ ደባርቅ ላይ ጉሙ ቆላውን ሲሞላው እንደምናየው፣ የት ላይ እንደሚያልቅ አይታወቅም።

ፎቶው ዳር ላይ የቆሙት አክስትህ እማማ እልፍነሽ ናቸው። ቤታቸው ገብተን ኮምፒውተር ላይ ሳስተካክለው፣ ባሕሩን ሳቀና እሳቸው ይንጋደዳሉ፤ እሳቸውን ሳቀና ባሕሩ ይጎብጣል። አጠገቤ ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ «ያሙን ተወው ልጄ» አሉኝ። ባሕሩን ያም ነው የሚሉት። «እሱ ቢጎብጥ ማን ያዝንለታል? እህቴ በስልክ የምታየው ፊቴን ብቻ ነው። ቁመቴን ካየች አርባ ዓመት አለፈ።»

ተውኩት።

ቦታው አለቀብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፤ ስቱዲዮውን አደራ። ካርዱን ለእናትህ ስትሰጣቸው ስለ ባሕሩ ምንም እንዳታስረዳቸው። ባሕር አይተው ስለማያውቁ፣ ለእህታቸው እጅ ሊነሳ ጎንበስ ያለ ይምሰላቸው።

ስንሻው