በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሚሞተው ሰርቨራችን

ለክቡር የክላውድ ኩባንያው የደንበኞች ድጋፍ ክፍል ኃላፊ
ናይሮቢ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በድረ ገጽዎ አናት ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ መብራቷ ጤንነት እንኳ ቅንጣት ጥርጣሬ የለኝም፤ የእኛ ሰርቨር በሞተባቸው ሃያ ሦስት ቀናት ሁሉ አንድም ቀን ሳያማት «ሁሉም አገልግሎት ደህና ነው» ስትል አይቻታለሁና።

አኬሎ ማጋክ እባላለሁ፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የመንደራችን ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። አጥማጅ ወደ ሐይቅ ሲወጣ ስሙን እመዘግባለሁ፣ ሲመለስ «ተመልሷል» የሚለውን እጫናለሁ። የዘገየ ካለ ፕሮግራሙ ስልኩን እየጠራ ይፈልገዋል፣ ለቤተሰቡ መልእክት ይልካል፣ የነፍስ አድን ጀልባችንም ይወጣል። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሚያድረው ግን ከእናንተ በተከራየነው፣ «ክላውድ» ማለትም ደመና በምትሉት ማሽን ላይ ነው። የማኅበራችን ሽማግሌ ሙዜ ኦጉቱ «ሰው ከደመና ይሸሻል፣ አንቺ የሰው ነፍስ ወስደሽ ደመና ላይ ታስቀምጫለሽ?» ሲሉኝ ስቄባቸው ነበር። አሁን አልስቅም።

ክቡር ጊዜዎን ላለመሻማት አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሰርቨሩ በየቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ጀልባዎች ሊመለሱ ሲሉ፣ በድንገት ይቆማል። ከክፍልዎ የደረሰኝ የመጀመሪያ ምክር አጥፍቼ እንዳበራው ነበር። ለዚህ ጥልቅ ምርምር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በየማለዳው አበራሁት፤ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሞተ።

፪ኛ. የሰርቨሩን የሥራ መዝገብ ብመረምር የመጨረሻው መስመር ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ተገደለ» ይላል። ማን ገደለው፣ አይልም። ባለሙያዎ አቶ ቼሮኖ በስልክ በታላቅ ትዕግሥት አስረዱኝ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ተራ ነገር ነው። ሜሞሪው ሲሞላ ማሽኑ ራሱ ይገድለዋል። ትልቅ ማሽን ውሰጂና ተገላገይ።»

«ምንድን ነው የሞላው?»

«እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ።»

እውነታቸውን ነበር። ቀኑን ወደ ኋላ ብቆጥር ወዲያው አውቀው ነበር፤ መቁጠር አልፈለግሁም። ሰርቨሩ መሞት የጀመረው ወንድሜ ኦቡራ ወደ ሐይቅ በወጣበት በማግስቱ ነው። ነፋስ ተነሣ፣ አሥራ ሁለት ቀን ፈለግን፣ መቅዘፊያውን አገኘን፣ እሱን አላገኘንም። እኔ ደግሞ ብልኋ ፕሮግራሙን ስጽፍ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበር ያስቀመጥኩት፦ «በሐይቅ ላይ» እና «ተመልሷል»። ስለዚህ ሰርቨሩ በየሴኮንዱ የወንድሜን ስልክ ይጠራል፤ መልስ ያላገኘበትን ጥሪ ሁሉ ሳይጥል ይይዛል፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ይሞላና ይገደላል። ጠዋት ሳስነሣው እንደገና «ኦቡራ» ብሎ ይጀምራል። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ «ተገደለ» ከሚለው በፊት ከእሱ ስም ሌላ ምንም የለበትም።

፫ኛ. ጥገናው የአንድ መስመር ሥራ ነበር። ሆኖም የወንድሜን ሚስት አሎን ሳላስፈቅድ መንካት ከበደኝ።

«አትንኪው» አለችኝ፤ ስልኳ እጇ ላይ ነበር። «ጠዋት ጠዋት እየፈለግነው ነው ይለኛል። ሰዉ ሁሉ ትቶታል፣ የሚጠራው ይሄ ብቻ ነው። ተይልኝ።»

ተውኩላት። እኔም እንዲጠራው እፈልግ ነበር። በዚያ መሐል፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የሙዜ ኦጉቱ ሁለት ልጆች ሞተራቸው ተበላሽቶ ነፋስ ሲወስዳቸው ሰርቨሩ ሞቶ ነበርና ማንም አላወቀም። በማግስቱ በሌላ መንደር ሰዎች እጅ በሕይወት ተገኙ። ሽማግሌው አልጮሁብኝም። «አኬሎ ልጄ፣ የሞተውን ስትጠሪ ያሉትን ልታስበዪን ነው» አሉ፤ አሎም ቆማ ትሰማ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ በእኛ ዘንድ ሐይቁ የያዘው ሰው ሬሳ ካልተገኘ የያጎ ዛፍ ፍሬ በእሱ ምትክ በግቢው ይቀበራል። ቅዳሜ እንደዚያ አደረግን። ከቀብሩ በኋላ አሎ ቢሮዬ መጣች፤ «የቱ ጋ ነው የሚጫነው?» አለች። አሳየኋት። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ።

«ውሸት አይሆንም» አለች። «ግቢው ገብቷል።»

«ተመልሷል» የሚለውን ራሷ ተጫነችው። ሰርቨሩ ይኸው ዘጠኝ ቀን አልሞተም፤ እኔም «አልተገኘም» የሚል ሦስተኛ ምርጫ ጨምሬበታለሁ። አሥር ሰዓት ሲሆን ግን አሁንም መዝገቡን ከፍቼ ስሙን እፈልጋለሁ።

ላደረጉልኝ ነገር ሁሉ፣ በተለይም ላላደረጉት፣ እጅ እየነሣሁ፣ ለአረንጓዴዋ መብራትዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣

የዘወትር አክባሪዎ
አኬሎ ማጋክ

ማሳሰቢያ፦ ክፍልዎ አሥራ አንድ ጊዜ «ጉዳይዎ ተዘግቷል» ብሎ ጽፎልኛል። እኛ አንዱን ጉዳይ ለመዝጋት ጉድጓድ ቆፍረን፣ ፍሬ ከፍነን፣ አልቅሰን ቀብረናል። እናንተ አሥራ አንዱን ምን ቀብራችሁ ዘጋችሁት?