በአባቴ ድምፅ ላይ ስለተቀዳው ፊልም፣ ለሬዲዮ ጣቢያው ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር የሬዲዮ ጣቢያው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሚመሩት መሥሪያ ቤት ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ጉሮሮዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ ከሌላው አካል ሁሉ ለይቼ ጉሮሮን ለምን እንደመረቅሁ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይገባዎታል።

እኔ በመርፌና በክር የምተዳደር ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ግን ጎልማሳነቱን በጣቢያዎ ማይክሮፎን ፊት የጨረሰ፣ ስለ አንድ ወንዝ አሻጋሪና ስለ ሚስቱ ራሱ የደረሰውን ረጅም ታሪክ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ሲተርክ የኖረ፣ አድማጮቹም «ጋሽ ትረካ» እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው። ጉሮሮውን ታሞ ሐኪሞች ነፍሱን ለማትረፍ ማንቁርቱን ካወጡለት ወዲህ የሚነጋገረው በትንሽ ጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ነው። ልጄ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ስለሆነ አያቷ ሲፈጠር ጀምሮ ዝም ያለ ሰው ይመስላታል። ለዚህም ነው ከትረካው አንድ ቅጂ ለመለመን ወደ ክቡርነትዎ ደጅ የመጣሁት። የገጠመኝን መልካም ነገር ሁሉ በተራ በተራ ዘርዝሬ ባላመሰግን ውለታ ቢስ እባላለሁና እንደሚከተለው አቅርቤያለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። ዛሬ ነገ እየተባልኩ ደጅ በጠናሁበት ጊዜ ሁሉ የምቀመጥበት ወንበር አላጣሁም፤ ፊት ለፊቴም «ያለ ፈቃድ መቅዳት ሌብነት ነው» የሚል የጣቢያዎ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፎ ስለነበር የማነበው ነገር ቸግሮኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ በመጨረሻ ስለተሰጠኝ ሲዲ አመሰግናለሁ። የአባቴ ስምና የትረካው ርእስ በቁም ጽሕፈት አምሮ ተጽፎበት፣ ማኅተም አርፎበት ነበር። ያን ዕለት እናቴ የአባቴን ኮት ተኮሰች፤ አባቴም ፂሙን ተላጭቶ፣ የአንገቱን ሻሽ አስተካክሎ እንደ ሙሽራ ተቀመጠ። ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ በር ድረስ ሞላ። ሲዲውን ማጫወቻው ውስጥ ስንከተው ግን አንድ ጎረምሳ ከፎቅ ላይ ዘሎ መኪና ጣራ ላይ አረፈና ተኩስ ተጀመረ። እናቴ «ታገሱ እስቲ፣ መግቢያው ይሆናል» ብላ ሰዉን አረጋጋች። መግቢያው አላልቅ አለ። ጎረምሳው ሰው ሲፈጅ፣ አባቴ የሰው ሥራ ማቋረጥ ነውር ነው ብሎ የሚያምን ሰው በመሆኑ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ተመለከተ። ሲያበቃ ጠመኔውን አነሣና «ድምፄ ትንሽ ሻክሯል» ብሎ ጻፈ። ጎረቤቱ ሳቀ። እናቴ ግን ኮቱን ተቀብላ ስትሰቅል ፊቷን ወደ ቁም ሣጥኑ መልሳ ብዙ ቆየች።

ሦስተኛ፣ ስለ መጠባበቂያ አያያዝዎ ጥበብ አመሰግናለሁ። ሲዲውን ይዤ ስመለስ የመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጠውና፣ አልዋሸኝም። የድሮዎቹ የቴፕ ክሮች ቦታ አጣበቡ ተብለው ወደ ሲዲ ተገለበጡ፤ ክሮቹ ተጣሉ፤ ክፍሉም ምንጣፍ ለብሶ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። ለዚህ የተገዙት ሲዲዎች ደግሞ እየተደመሰሱ ደጋግሞ የሚቀዳባቸው ዓይነት ናቸው። ስለዚህ የክቡርነትዎ ሠራተኞች ዓርብ ሲደርስ ለቤታቸው ፊልም ወይም ዘፈን መቅዳት ሲያምራቸው ባዶ ዲስክ ፍለጋ አይንከራተቱም፤ የሞላውን ባዶ ያደርጉታል። ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ትረካው ያው እሱ ላይ ነበር፤ ከላዩ ሌላ ነገር መጣበት እንጂ» አለኝ። ይህንኑ በጽሑፍ ባመለክት፣ የሲዲው ሽፋን ከመዝገቡ ጋር የሚስማማ በመሆኑ ጉድለት አልተገኘም የሚል መልስ በክቡርነትዎ ፊርማ ደረሰኝ። ሽፋኑ በእውነት ጉድለት የለበትም። አባቴም ሽፋኑ ደህና ነው፤ የጎደለው ከውስጥ ነው።

አራተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ተስፋ ቆርጬ በሚኒባስ ወደ ቤቴ ስሄድ ሾፌሩ የሠርግ ዘፈን ከፍቶ ነበር። ዘፈኑ አለቀና ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ «ወንዙ የዚያን ቀን ማንንም አላሻግርም ያለ ይመስል ነበር» የሚል ድምፅ መጣ። አባቴ ነበር። ሾፌሩ እጁን ሰድዶ «ይቅርታ እህቴ፣ እዚህ ጋ ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ ይገባል» ብሎ ሊያሳልፈው ሲል «እንዳይነኩት!» ብዬ የጮኽኩት ጩኸት ተሳፋሪውን ሁሉ አስደነገጠ። መውረጃዬን አልፌ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ። ያች የትረካ ቁራጭ አልቃ ሌላ ዘፈን ቢጀምርም፣ እንባዬን ያየው ሾፌር ምንም ሳይጠይቅ መልሶ ከፈተልኝ፤ ሲዲውን ከማን እንደገዛም ነገረኝ።

ከእትዬ ቅጂ ነው። ክቡርነትዎ ያውቋታል። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ለሠፈሩ ሁሉ ዘፈን፣ ፊልምና የምርቃት ፎቶ ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት፤ ጣቢያዎ ባቀረበው አቤቱታ መሣሪያዋና ኮምፒውተሯ ተጭነው የተወሰዱባት፣ ዛሬ በዚያችው ሱቅ ሻማና ክብሪት የምትሸጥ። ሄጄ ስጠይቃት መጀመሪያ ዳግመኛ ልትከሰስ መስሏት ደነገጠች። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራት ግን «ዲስክ ጎደሎ ሆኖ ሲሄድ አንጀቴ አይችልም» አለችና አስረዳችኝ። ዘፈን ተቀድቶ ትርፍ ቦታ ሲኖር፣ ከሬዲዮ ቀድታ ያስቀረችውን የጋሽ ትረካን ድምፅ ቁራጭ በቁራጭ በየዘፈኑ መጨረሻ ትከትበት ነበር። ደንበኞቿ «ለዘፈን ከፍለን ሽማግሌ ትሸጭልናለሽ» እያሉ ቢጨቃጨቋትም አልተወችም። የእሷ ዋና ቅጂ ከኮምፒውተሩ ጋር ስለሄደ፣ ትረካው የቀረው በሰው ዘፈን ጭራ ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያማ ሠፈሩ ተነሣ። ፀጉር አስተካካዩ ከመስተዋቱ ጀርባ፣ አናጢው ከመሣሪያ ሣጥኑ፣ አንዲት ተፋትታ የተመለሰች ሴት «ዘፈኑን ባልሰማው ደስ ይለኛል» እያለች የሠርጓን ሲዲ አመጡ። የተቧጨረውን በለስላሳ ጨርቅ እየወለወልን፣ ከተዋሰነው ኮምፒውተር ፊት እትዬ ቅጂን አስቀምጠን፣ ትረካውን እንደ ተቀደደ ልብስ ጠቀምነው። ያስቸገረን የመጨረሻው ክፍል ነበር። እሱም ክቡርነትዎ በየቀኑ ከሚሳፈሩባት የመሥሪያ ቤት መኪና ውስጥ ተገኘ። ሾፌርዎ የእትዬ ቅጂ የጥንት ደንበኛ ነው፤ ክቡርነትዎ ስለ ሕገ ወጥ ቅጂ ንግግር ሊያደርጉ ሲሄዱ በጉዞ ላይ ሲያዳምጡት የነበረው ዘፈን ከዚያው ሲዲ ነው። ትረካው ሲጀምር ያስዘጉት እንደነበርም ሰምቻለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ሰሞኑ ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ። ጣቢያው የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር «ወርቃማ ድምፆች» የሚል ዝግጅት ስላለው፣ ቤተሰባችን የጋሽ ትረካን ቅጂ በጥሩ ጥራት እንዲያቀርብ፣ ቅጂውም ከሕገ ወጥ ምንጭ ያልተገኘ መሆኑን በፊርማችን እንድናረጋግጥ ጠይቀውናል። ማረጋገጥ የምችለው አንድ ነገር ነው፦ ከሕጋዊው ምንጭ አልተገኘም።

ልስጥ ወይስ ልከልክል ብዬ አባቴን ከመጠየቄ በፊት ትረካውን ላሰማው ይገባ ነበር። በዚህኛው ቀን ጎረቤት አልጠራንም፤ ኮትም አልተተኮሰም። ልጄ ጉልበቱ ላይ ተቀምጣ ነበር። ድምፁ ሲጀምር «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለች። አባቴ በጣቱ ደረቱን ነካ። «ውሸታም!» ብላ ሳቀችበት። ያኔ ከድምፁ ጋር እኩል ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቃል አልሳተም፤ ድምፁ ትንፋሽ በወሰደበት እሱም ይወስዳል። ልጄ መሳቋን ትታ ወደ ማጫወቻው ሮጠችና አጠፋችው። ከንፈሩ ቆመ። መልሳ ከፈተችው። ከንፈሩ ቀጠለ። ይህን ደጋግማ ከፈተነችው በኋላ ተመልሳ ትንሽ እጇን ሻሹ ላይ አሳረፈችና በጓዳው በር ቆሜ ወደማያቸው ወደ እኔ ዞራ «እማዬ፣ ነይ ቶሎ፣ አያዬ ያወራል!» ብላ ተጣራች።

ከዚያ በኋላ ነው የክቡርነትዎን ደብዳቤ ያነበብኩለት። እኔ ብሆን መልሴ ሌላ ነበር። እሱ ግን ሰሌዳውን ሳበና «ስጫቸው። ግን በማይደመሰስ ላይ ቅጂላቸው» ብሎ ጻፈ። በትእዛዙ መሠረት አንድ ሲዲ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። በምላሹ የምንጠይቀው የእትዬ ቅጂ መሣሪያ እንዲመለስላትና በበዓሉ ዝግጅት ላይ ትረካው ከማን እንደተገኘ በስሟ እንዲነገር ብቻ ነው። ይህ ከባድ ከሆነ፣ ትረካው ሳይተላለፍ ቢቀር አድማጮቹ ከየሚኒባሱ ያገኙታልና አይጨነቁ።

በየሄዱበት ጆሮ የሚሰጥዎ ሰው እንዳያጡ፣ የተናገሩትም እንዲቆይልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሣት ደብዳቤዬን እዚህ ላይ አበቃለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ አድማጭ፣
ልብስ ሰፊዋ የጋሽ ትረካ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለዳቦ ቤቱ፣ ለመድኃኒት ቤቱ፣ ለትምህርት ቤቱ በርና ማንበብ ለሚችል መንገደኛ ሁሉ ተሰጥቷል። ክቡርነትዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ፤ ዋናው በእርስዎ መዝገብ ቤት ስለሚቀመጥ ነው።