ከመስመር የወጣችው ነጥብ

ይድረስ ጅቡቲ ወደብ ለምትደክመው ወንድሜ ለዓለምሰገድ፤ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ክብር ለመድኃኔዓለም ደህና ነን፤ እኔ ግን ተናድጃለሁ።

የልጅህን የኑኃሚንን ክፍል በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግቢ አውጥቼ አስሮጥኳቸው። ከዚያ ጣታቸውን የእጅ አንጓቸው ላይ አድርገው የልብ ምታቸውን ቆጠሩ፤ አርፈውም ደግመው ቆጠሩ። ግራፉን ስንሠራ የሁሉም ወረደ፤ የኑኃሚን ነጥብ ብቻ እላይ ቀረች።

ዳይሬክተራችን፣ "እንግዳ ሊመጣብን ነው፤ ግራፉን አበላሸችው፣ አጥፊያት" አለኝ። ጓደኞቿ ሁሉ ተቀባብለው እንደቆጠሩላት ብነግረው "አብሽሪ አቦ፣ ሙቀቱ ነው!" ብሎ ሳቀ። ሁሉንም በሙቀት ማሳበብ ልማዳችን ሆኗል። የድሬ ፀሐይ ለእሷ ብቻ ነው እንዴ የምትወጣው?

ነጥቧን አላጠፋሁም፤ አጠፋለሁ የሚል ካለ ይሞክረኝ!

ኑኃሚን በትምህርቷ ጎበዝ ናት። ግን ጥላ በጥላ የሆነውን የከዚራን መንገድ እንኳ በእግሯ መጨረስ ትታ ባጃጅ ለምዳለች፤ ቅንጦት እንዳይመስልህ፤ ትንፋሽ እያጠራት ነው።

ድንግል መንገድህን ታቅናልህ፤ በዚህ ሳምንት ባቡር ና። የቀረውን ሰላምታ ፊት ለፊት እንጨርሰዋለን። ደውለህ ግን "አብሽሪ" እንዳትለኝ፤ እሱን የሚለኝ እዚህ ሞልቷል።

እህትህ የሺአረግ