ሞላ የሌለው ሹካ

መስከረም 24፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 10 ሰዓት

እንደ ቅዳሜዬ ሁሉ የወንጪን ዳገት ወጣሁ። ትንፋሼ ጥሩ፣ እግሬም ደህና። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ፣ ድንጋይ የበዛበት መታጠፊያ ጋ፣ የሳይክሌ ፊት ቁጭ! ሹካው ወደ ውስጥ ገባ፣ አልወጣም። እንዴት እንዳልተፈጠፈጥኩ እግዜር ያውቃል።

ማስታወሻዬ፣ አንቺ ሳይክል ስለማታውቂ ልንገርሽ። ሹካ ማለት የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው እግር ነው። የኔው ባለሞላ ነው። ድንጋይ ሲመታው ገባ ብሎ ይወጣል፣ እጅሽን ያሳርፍሻል። ዛሬ ገባና በዚያው ቀረ።

እየገፋሁ ነው አምቦ ከተማ የገባሁት። ያገኘኝ ሁሉ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? እኔማ ምንም አልሆንኩ! ሳይክሉ ነው የሆነው!

የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው። ጥቅምት 8 የወንጪ አስጎብኚዎች ቱሪስት በሳይክል የሚመራ ሰው ይፈትናሉ። የሚፈልጉት አንድ ሰው። ሳይክል ይዞ የሚመጣ። ከአፋፉ እስከ ሐይቁ ወርዶ መመለስ ነው ፈተናው። ቱሪዝም ተመርቄ ይኸው ሦስት ዓመቴ፣ ፎ/ኮፒ ቤት የሰው መታወቂያ ስገለብጥ። ይሄ ሥራ አያመልጠኝም። ጻፊው፦ አያመልጠኝም።

መስከረም 25፣ እሑድ

አባዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ ፍል ውሃው። የእሑድ ሥራው ነው። ዕድሜ ልኩን የባኮን በቆሎ በጭነት መኪና ሲያመላልስ ጉልበቱ አልቋል፤ ያንን ውሃ ካላፈሰሰበት አያርፍም። በተረፈው ሳይክሌን ያጥብልኛል። ክረምቱን ሙሉ፣ አንድም እሑድ ሳያጓድል። ጭቃውን እንዴት እንደሚያስለቅቅ! ሹፌር በነበረ ጊዜም መኪናው በጭቃ አያድርም ነበር፤ አሁን መኪናው የኔ ሳይክል ነው። አምቦ ተወልዶ ያ ውሃ የማያድነው ነገር አለ ብሎ የሚያምን ሰው የለም። እኔም አላምንም ነበር።

እሱ ሳይመለስ ሹካውን ፈታታሁት። ውሃና አፈር እንዳይገባ የሚከላከሉት ጎሚኒዎች ተሰነጣጥቀዋል። ከሥራቸው ነጭ ቅርፊት። በጥፍሬ ፋቅኩት፣ አይለቅም። የት እንደማውቀው ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ የአባዬ ጄሪካን አፍ ላይ የሚጋገረው ነው። የሹካው ቧንቧ በዝገት ተበልቷል። ሞላው ለሁለት ተሰብሯል። ድንጋዩ ምንም አላደረገም። ውሃው ይደርቃል፣ ውስጡ ያለው ጨው ይቀራል፣ ብረቱን ይበላል። በየእሑዱ ትንሽ ትንሽ። እኔ ደግሞ በየእሑዱ እግዜር ይስጥልኝ አባዬ እያልኩ።

አባዬ ሲመለስ፣ ምን ሰበረው አለኝ። ድንጋይ አልኩት። አላቅማማሁም። ሰውየው ጉልበቱን እያመመው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያጠበልኝን፣ አንተ ነህ የሰበርከው ልበለው?  እሱ ግን የድንጋይ ነገር ሲነሳ ደስ አለው፤ ባሌስትራው፣ የመኪናው ሞላ፣ ተሰብሮበት በገመድ አስሮ ባኮ እንዴት እንደገባ እንደገና ነገረኝ።

መስከረም 27፣ ማክሰኞ። ማታ

ከሥራ ወጥቼ ቶሌራ ዘንድ። ባጃጅና ሞተር የሚጠግን የሰፈራችን መካኒክ ነው። ከአሁን በኋላ ቶ. ብቻ እለዋለሁ፣ ስሙን መጻፍ ሰለቸኝ ገና ከአሁኑ። ሹካውን አንዴ ገልበጥ አደረገና፣ ይበየድ አለ። ገብቶ እንደቀረ ይበየድ! ቢበየድ ደግሞ ዝገት የበላው ብረት ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሲለቅ ጥርሴን ከአፈር ልለቅም ነው? እንቢ አልኩ። እሱ፣ ታዲያ ምን አስቸኮለሽ፣ ሴት ልጅ ቢሮዋ ቁጭ ብትል ምን አለ አለ። ደሜ ፈላ። የነገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፣ ቤት ውስጥ ሊነበብ ይችላል።

ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤቶቹ መጡ። ምናልባት እነሱን ፈርቶ ይሆናል፣ ቶ. ለዘብ ብሎ አንድ ነገር አስታወሰ። እጃጂ ከተማ፣ አንዲት ዘመዱ መጋዘን ውስጥ የተጣለ ሳይክል አለ። ጎማው ከኔው እኩል። ሹካው ግን ሞላ የለውም፣ ድርቅ ያለ ብረት ነው።

ድርቅ ያለ ይሁን። ደረቅ እኔም ነኝ።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ፎ/ኮፒ ቤቱን አስፈቅጄ በሚኒባስ እጃጂ። የቶ. ዘመድ ወ/ሮ ጫልቱ ትባላለች፤ በቆሎና የከብት መኖ ትሸጣለች። ሳይክሉ ከጆንያዎቹ ጀርባ ተሰቅሎ አቧራ ለብሷል። ሹካውን በእጄ ዳሰስኩ፣ ከላይ እስከ ታች። ስንጥቅ የለም። ዝገት የለም። ነጭ ቅርፊትም የለም! ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

ወ/ሮ ጫልቱ አልሸጥም አለች። ልመና ጀመርኩ። የት እንደምሠራ ስትሰማ ግን ስልኳን አወጣች። ልጇ ጥቁር ካባ ለብሶ የተመረቀበት ፎቶ። ግድግዳ የሚሞላ አድርገሽ ታትሚልኛለሽ ወይ አለች። አትማለሁ! ፍሬም አስገብቼ አመጣለሁ! ሹካውን ራሷ መፍቻ ይዛ አወጣችው። እኔ በዚያ ፎ/ኮፒ ቤት ሦስት ዓመት ሳማርር ኖሬ፣ ዛሬ አመሰገንኩት። ለዛሬ ብቻ።

ስመለስ ሹካውን ጭኔ ላይ አድርጌ። አጠገቤ የተቀመጡት አባት የእርሻ ዕቃ መስሏቸው ስለ በቆሎ አወሩኝ። አላረምኳቸውም።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ተገጠመ! የሹካው አንገት ረዝሞ ነበር፤ ቶ. በመጋዝ አሳጠረው። ሁለት ጊዜ ሳይለካ እንዳይቆርጥ ከጎኑ ቆሜ ጠበቅኩ። ተናደደ፣ ግን ለካ። የሳይክሉ ፊት ከበፊቱ ዝቅ ብሏል። ወደ ወንጪ መንገድ አወጣሁት። ዳገቱ ላይ ጉድ ነው! እየረገጥኩ ስሄድ የሚባክን ጉልበት የለም። ቁልቁለቱስ? እያንዳንዱ ጠጠር ክርኔ ድረስ ይመጣል። ቤት ደርሼ ሻይ ልጠጣ ስል ብርጭቆው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስድስት ቀን እለማመዳለሁ። ክርኔን ሞላ አደርገዋለሁ።

ጥቅምት 2፣ እሑድ። ከቀኑ 8 ሰዓት

ማስታወሻዬ፣ ምን ላድርግ።

የወ/ሮ ጫልቱን ፎቶ አትሜ ወደ ቤት ስገባ አባዬ ግቢ ውስጥ በርጩማው ላይ። ጄሪካኑ ከጎኑ። አዲሱን ሹካ በዚያ ውሃ እያሸ፣ እያንጎራጎረ። ተው! ብዬ ጮኽኩ። ተው አባዬ! ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። በሕይወቴ እንዲህ ጮኼበት አላውቅም።

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የድሮውን ሹካ አምጥቼ ቅርፊቱን አሳየሁት፣ ከጄሪካኑ አፍ ጋር አስተያየሁት። ድንጋይ አይደለም፣ ውሃው ነው አልኩ። አንተ ነህ አላልኩም። ማለት አላስፈለገም። ሹካውን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጉልበቱን ዳሰሰና፣ «ታዲያ ይሄንስ?» አለ። «ስንት ዓመት ስዘፈዝፈው!»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም። ተነስቶ ገባ። አዲሱን ሹካ በቧንቧ ውሃ ደግሜ ደጋግሜ አጠብኩት፣ አደረቅኩት። እሱ ምሳ አልበላም። እኔም አልበላሁም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ። ጠዋት 1 ሰዓት

ሦስት ቀን ዝም። ደህና እደሪ፣ ደህና ዋዪ፣ በቃ። ከጭቅጭቅ ይልቅ ይሄ ነው የሚጨርሰኝ።

ዛሬ ልምምድ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የሹፌርነት ዘመኑን የግራሶ ቆርቆሮ ይዟል። ሳይክሉን ገልብጦ አስቆመ፣ እያንዳንዱን ብሎን እየፈታ፣ ዝገት የሚከላከለውን ግራሶ እየቀባ መለሰው። መፍቻ አቀበልኩት። ስንጨርስ ነው የተናገረው። የተናደደው ሹካውን በመስበሩ አይደለም፤ በመዋሸቴ ነው። የተበላሸውን ያልነገሩት ሹፌር ሰው ይገድላል አለ። ሁለተኛ እኔን ለመጠበቅ ብለሽ እንዳትዋሺኝ፣ ኢንተላ ኮ አለ። ልጄ ማለቱ ነው። ከተናደደ በኋላ እንዲህ ካለኝ ታርቆኛል።

አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ግራሶው ሁሉ ሹራቤ ላይ። ይሁን።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ወንጪ

አፋፉ ላይ ነኝ። ብርድ። ሳይክሌን አይሱዙ ጭኜ መጣሁ፣ ጉልበቴን ለፈተናው። ሦስት ነን፤ ሁለቱ ወንዶች፣ የሁለቱም ሳይክል ባለሞላ። አንደኛው የኔን ሹካ አይቶ ለጓደኛው አንሾካሾከ። አንሾካሹክ ወንድሜ። ፈታኛችን ኦቦ ደረጀ ይባላሉ፤ ፈረስ እያከራዩ ያረጁ የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ። ስሜን ጠሩ

ያው ቀን። ማታ

ቁልቁለቱን ከሁሉም መጨረሻ ወረድኩ። ጥርሴን ነክሼ፣ ጣቶቼ ፍሬኑ ላይ ደንዝዘው። አንድ ቦታ ከሳይክሉ ወርጄ ገፋሁ። ሐይቁ ጋ ስደርስ ሁለቱ ልጆች ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ። አልተቀመጥኩም። ዞሬ ሽቅብ ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ደረሱብኝ ብዬ ስዞር ማንም የለም። አፋፉ ላይ ብቻዬን ቆሜ ጠበቅኳቸው፤ ሳንባዬ ሊወጣ ደርሶ፣ ግን ብቻዬን!

ከዚያ ፍርዱ። ኦቦ ደረጀና መንገዱ ላይ ቆመው ያዩን ሰዎቻቸው ሰብሰብ ብለው ተመካከሩ፣ በኦሮምኛ፣ እንደማልሰማ ሁሉ። ቁልቁለቱን የሚመራ አንዱ ልጅ ተመረጠ። ለኔ ደግሞ ዳገቱና የአፋፉ ዙሪያ መንገድ ብቻ። በዚህ ሹካ እንግዳ ይዘሽ ሐይቅ አትወርጂም፣ እጅሽ ሲዝል አይተናል አሉ። ግማሽ ሥራ!  አስቤ ልንገራችሁ ብዬ ፊቴን አዙሬ መጣሁ። መኪና ላይ አለቀስኩ። በንዴት ነው እንጂ በሐዘን አይደለም።

ከሁሉ የሚያናድደው እውነታቸውን መሆኑ ነው።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ለአባዬ ነገርኩት። አንድም ሳልደብቅ፣ ማልቀሴን ጭምር። እንደ ልማዱ በርጩማው ላይ ሆኖ አዳመጠኝ። ዳገቱን ብቻ? አለ። አዎ፣ ግማሹን ብቻ አልኩ። ራሱን ነቀነቀ።

«ቁልቁለት ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው የራሱን ፍሬን ነው» አለ። «ዳገት ላይ ነው ከፊቱ ያለውን የሚያይ። እኔ ሌሊት የጌዶን ዳገት ስወጣ የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት ባይኖር ስንቴ ቆሜ እቀር ነበር።»

 ከዚያ ስልኬን አነሳሁ፣ እሱ ፊት። ኦቦ ደረጀ ዘንድ ደወልኩ። እሺ አልኩ። ግን አንድ ነገር አለኝ አልኩ፤ ባለሞላ ሹካ የገጠምኩ ዕለት ቁልቁለቱን እንደገና ትፈትኑኛላችሁ። በእናንተ ሐዘኔታ ሥራ አልገባም፣ ለዚያ ቀን ቃል ስጡኝ።   ሰውየው ሳቁ፣ ቃሌ ነው አሉ። ማክሰኞ እንግዶች አሉን፣ ጀባዹ፣ በርቺ አሉኝ።

ነገ ጠዋት ፎ/ኮፒ ቤቱን እለቃለሁ። ማክሰኞ ሰዎች ከኋላዬ አሰልፌ ዳገቱን እወጣለሁ።