አፌ ውስጥ ትተኻት የሄድካት ሽፋን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱንስ ለመድከው? እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእኔን ጥርስ ግን መጠየቅ ትተሃል፤ እኔው ልንገርህ።

መቼም አትረሳውም፤ የድድ በሽታው የመንጋጋዬን አጥንት ሲሸረሽረው፣ ለስልጠና ውጭ አገር ልትሄድ ሳምንት ሲቀርህ የጥርስ ክሊኒክህ ወንበር ላይ አስተኝተህ ድዴን ከፍተህ ያቺን ስስ ሽፋን አስገባህልኝ። ድድ ችኩል ነው፣ አጥንት ዘገምተኛ፤ ድዱ ቀድሞ ገብቶ የአጥንቱን ቦታ እንዳይዝበት አጥር ናት አልከኝ። በራሷ እንደማትሟሟ፣ ከስልጠናው ስትመለስ በእጅህ እንደምታወጣት ነገርከኝ። አመንኩህ። ምን ላድርግ፣ ወንድሜ ነህ!

ጎረቤቱ እዚያው ሊቀር ነው እያለ ሲያማህ፣ እማዬ አንድ መልስ ብቻ ነበራት፤ ሥራውን እህቱ አፍ ውስጥ ትቶ የት ይቀራል ትላለች። ያቺ ምላሷ የማያርፈው አክስታችን እንኳ በዚህ አፏን ያዘች።

ቀኑ ደረሰ፣ አልመጣህም። ስደውል ትንሽ ታገሺ አልከኝ። ድዴ ማበጥ ሲጀምር ክሊኒክህ ሄድኩ። ጓደኛህ ወንበርህ ላይ ተቀምጧል፣ በሩ ላይ የእሱ ስም ተጽፏል። አልነገረሽም እንዴ? ጠቅልሎ እኮ ነው የሄደው፣ ቁልፉንም ያስረከበኝ ሳይሄድ ነው አለኝ። ኧረ ጉድ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽፋኗን እሱ አወጣልኝ። በራሷ የምትሟሟውም ዓይነት መደርደሪያው ላይ ነበረች፤ ለምን ያቺን አላደረገልኝም ብዬ ጠየቅኩት። ለሰፊ ጉድጓድ ጠንካራዋ ትሻላለች፣ ልክ ነው የሠራው አለኝ። ለጥርሴ ልክ ይሁን፤ ለእኔስ? እንደማትመለስ እያወቅክ አወጣልሻለሁ ስትለኝ ዓይን ዓይኔን እያየህ ነበር። ባዕድ ቢያደርገው ባልቆጨኝ። ደግሞ ከሥሩ አዲሱ ሥጋ ይዟል፣ አጥንት ይሆናል አለኝ፤ እጅህን ልረግመው እንኳ አልቻልኩም።

እማዬ እስካሁን አላወቀችም። ጠዋት ጠዋት አፌን ስታጠብ፣ ሽፋኗ አለች ወይ? ትለኛለች። አለች እላታለሁ። ከዚህ በላይ ግን አልዋሽልህም። እሁድ ደውልና አንተው በአንደበትህ ንገራት። ካልደወልክ አፌን ከፍቼ አሳያታለሁ።

ታናሻችን በጣም ናፍቀኸዋል፣ ሰላም ብሎሃል። አክስታችን፣ ስትመጣ የእኔንም ጥርስ እይልኝ ብላሃለች። እማዬ አንሶላህን አጥባ አልጋህን አንጥፋልሃለች፤ ልጄ ቶሎ ና ትልሃለች።

ታናሽ እህትህ
ከእናታችን ቤት፣ ሰኞ ጥቅምት ፲፪ ቀን