በሰመራ ሜዳ መኪናቸውን ያቆሙት የአቶ ጥጋቡ አለሙ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጥጋቡ አለሙ በሚያዝያ ወር 1933 ዓ.ም. በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረ የሠራተኞች መኖሪያ ተወለዱ። አባታቸው አቶ አለሙ ደስታ የፉርጎዎችን እግር ዘይት የሚያጠጡ የጣቢያው ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው ወ/ሮ ማሚት ወልዴ ለመንገደኛ ዳቦና ሻይ እየሸጡ ስድስት ልጆች አሳድገዋል። አቶ ጥጋቡ አራተኛው ናቸው። አባታቸው የዘይት ቆርቆሯቸውን ይዘው ከፉርጎ ፉርጎ ሲዘዋወሩ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተሉ ነው ያደጉት። “ብረት እንደ ሰው ጠማኝ አይልም፤ ቀድመህ ነው የምታጠጣው” የሚለውን የአባታቸውን ቃል ቤተሰቡ ሁሉ ከእርሳቸው አፍ ሰምቶታል።

እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው አዋሽ ተማሩ። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው ከተማው ውስጥ ከነበረ ጋራዥ ገቡና እናታቸውን መርዳት ጀመሩ። በ1955 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አወጡ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ወደ ዱብቲ ወርደው በጥጥ እርሻ በትራክተር ሾፌርነት ተቀጠሩ። ዱብቲ ሲደርሱ የመጣሁት ለአንድ የለቀማ ወቅት ነው ብለው ነበር ይባላል። ሆኖም ከወሎ መጥተው እዚያው ከቀሩት ከወ/ሮ ቢሰጥ ልጅ፣ ከወ/ሮ ውባንች ተሰማ ጋር ተዋወቁ፤ በ1961 ዓ.ም. ተጋብተውም ጎጆ ወጡ። በ1964 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው ንጋትወርቅ ተወለደች።

እርሻው የመንግሥት በሆነ ማግሥት፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ሦስት አዳዲስ ላንድሮቨሮች በአንድ ላይ መጡ። ሁለቱ ለኃላፊዎች ሲሰጡ ሦስተኛዋ አምቡላንስ ሆና ለእርሻው ክሊኒክ ተመደበች፤ ቁልፏም ለአቶ ጥጋቡ ተሰጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእርሳቸውና የመኪናይቱ ታሪክ አንድ ላይ የተገመደ ነው።

አቶ ጥጋቡ ጠዋት ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ቡሎን ላላ አድርገው ጠብታውን መዳፋቸው ላይ ይቀበሉ ነበር። ውሃ ካለበት ይታያል፤ ሌላ ነገር ከተቀላቀለበትም ይሸታል። በርሜል ተንከባልሎ በመጣ ቀን አይቀዱም፤ ቆሻሻው እስኪረጋ ያሳድሩታል፤ ከበርሜሉ ሥርም ፈጽሞ አይስቡም። የአፋር አቧራ ሞተር እንደሚበላ ያውቁ ስለነበር የአየር ማጣሪያውን በየቀኑ ያራግፋሉ። ዘይት የመቀየሪያው ጊዜ ከደረሰ፣ አለቃ ቢቆጣም መኪናይቱን አያንቀሳቅሱም። ባልደረቦቻቸው “ሁለተኛ ሚስቱን እያጠበ ነው” ብለው ሲቀልዱባቸው፣ “ሞተር በራሱ አይሞትም፣ ይገደላል እንጂ” ብለው ይመልሱ ነበር።

የነዳጅ እጥረቱ በበረታበት በ1971 ዓ.ም. ነገሩ ለሁሉም ተገለጠ። ለኃላፊዎች ከተሰጡት መኪናዎች አንደኛዋ ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ላምባ እየተቀላቀለ ሲሞላባት የነዳጅ ፖምፓዋ ተበላ። ሁለተኛዋ ዘይቷ ሳይቀየር ስትነዳ ኖራ ሞተሯ ነክሶ መዞር አቆመ። ሁለቱም ጎማቸው ተፈትቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አምቡላንሷ ግን እንደ አዲስ ትሠራ ነበር። መዘዙም ከዚሁ መጣ፤ ኃላፊዎቹ የሚሄዱበት ሲያጡ ዓይናቸውን በእርሷ ላይ ጣሉ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አንድ ኃላፊ አዋሽ ላይ ስብሰባ አለብኝ ብለው አምቡላንሷን ጠየቁ። አቶ ጥጋቡ በር ላይ ቆመው “ሰው ቢታመምስ? የእኔም ባለቤት ወሯ ገብቷል” ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ቁልፉ ተወስዶ ለሌላ ሾፌር ተሰጠ። መኪናይቱ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስትመለስ ወ/ሮ ውባንች ከሌሊት ጀምሮ በምጥ ላይ ነበሩ። ልጁ በጎኑ ተኝቷል፤ ደምም ይፈሳቸው ጀምሯል። የክሊኒኩ ድሬሰር አቶ ውብሸት “ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፤ ደሴ ካልደረሰች አትተርፍም” አሉ።

አቶ ጥጋቡ ቁልፉን ሲቀበሉ “ነዳጅ ከየት ሞላችሁ?” ብለው ጠየቁ። ኃላፊው ወደ ቢሯቸው እየገቡ “ታንኩን ሞልቼልሃለሁ፣ ምን ትፈልጋለህ?” አሉ። ባለቤታቸው በቃሬዛ፣ ወ/ሮ ቢሰጥና አቶ ውብሸትም አብረዋቸው ሲገቡ ያዩት አቶ ጥጋቡ በሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ቡሎኗን ሳይፈቱ፣ ጠብታውን ሳያሸቱ ሞተር አስነሡ።

ከዱብቲ ወጥተው ሰመራ ሜዳ እንደደረሱ ሞተሩ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናጥ ይንኳኳ ጀመር። ጉልበቱ ወረደ፤ ነጭ ጢስ ከኋላ ተከተላቸው። አቶ ጥጋቡ ሞተሩን አጠፉ። ወርደው ቡሎኗን ሲፈቱ ጠብታው መዳፋቸውን አቀዝቅዞ ወዲያው ተነነ፤ ቅባት እንኳ አልተወም። ናፍጣ እንዲህ አይጠፋም። ቤንዚን ነበር፤ ኋላ እንደተሰማው አዋሽ ላይ ናፍጣ ነው ተብሎ በበርሜል የተገዛና ዱብቲ መግቢያ ላይ የተሞላ ቤንዚን።

ሎጊያ ከፊታቸው ነበረች፤ የቤቶቿ ቆርቆሮ በፀሐይ እያብረቀረቀ ይታያል። ወ/ሮ ቢሰጥ ከልጃቸው አጠገብ ብድግ ብለው ጮኹ።

“አንተ ሰው፣ ምን ሆነህ ነው የቆምከው? ሎጊያ ያቻት እኮ!”

“እናቴ፣ ሎጊያ ታደርሰናለች። ደሴ ግን አታደርሰንም። ይህ ነዳጅ ፖምፓውን ያደርቀዋል፤ አንዴ ከነከሰ ማንም አያስነሣውም።”

አቶ ውብሸት በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው “ደሙ አልቆመም፣ ጥጋቡ። ሎጊያ ሌላ መኪና እንፈልጋለን” አሉ።

“በዚህ ሰሞን ናፍጣ ያለው፣ እርሷም ተኝታ የምትሄድበት መኪና ሎጊያ ላይ ማን አለው? ስሙን ንገረኝና ልንዳ።”

አቶ ውብሸት ወደ ወ/ሮ ውባንች ተመለሱ። ወ/ሮ ቢሰጥ ግን “ልጄን ለብረት ብለህ ልትገድላት ነው!” እያሉ በሩን ይደበድቡ ነበር። አቶ ጥጋቡ በሚያቃጥለው አፈር ላይ በጀርባቸው ተኝተው ከመኪናይቱ ሥር ገቡና የታንኩን የታች መድፈኛ ፈቱ። ቤንዚኑ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። በዚህ ሁሉ መካከል ወ/ሮ ውባንች የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ “ጥጌ፣ ቶሎ በል።”

ታንኩ ባዶ ሆነ፤ የሚሞላበት ናፍጣ ግን አልነበረም። መንገዱ ጭር ብሏል። አቶ ጥጋቡ መሐል አስፋልት ላይ ቆመው ወደ አሰብ አቅጣጫ ይመለከቱ ጀመር። ያን ጊዜ ልባቸው እንዴት እንደነበረ ሲጠየቁ፣ ከኋላቸው የሚስታቸው ድምፅ ሲሰማ ይጨነቁ፣ ዝም ሲል ደግሞ የባሰ ይጨነቁ እንደነበር ተናግረዋል። በመጨረሻ ከአሰብ የሚመጣ የጭነት መኪና ብቅ አለ። ሾፌሩ የባቲው ሰው አቶ ሱሩር ነበሩ፤ ከዚያ ቀን በፊት አይተዋወቁም።

“ምን ሆናችኋል፣ ወንድሜ?”

“ናፍጣ ስጠኝ። ባለቤቴ ምጥ ላይ ናት።”

አቶ ሱሩር ሌላ ቃል አልጠየቁም። “ቢስሚላህ” ብለው የራሳቸውን ታንክ ከፈቱና በጎማ ቱቦ ሁለት ጀሪካን ሞሉ። ፊልትሮው ታጠበ፤ አዲሱ ናፍጣ ገባ። አቶ ጥጋቡ ቁልፉን ቢያዞሩት ሞተሩ አልተነሣም። ደገሙ፤ አሁንም እምቢ አለ። ሊሠልሱ ሲሉ አቶ ሱሩር እጃቸውን ያዟቸው።

“ባትሪውን ትጨርሰዋለህ። አየሩ አልወጣም። አላህ ይርዳን፣ እንደገና እንሥራው።”

ሁለቱ አየሩን ከቱቦው ጨርሰው አስወጡ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ተነሣ። አቶ ሱሩር ሎጊያ ላይ ሊያድሩ የነበረውን ትተው ቢበላሽባቸው እንዲደርሱላቸው እስከ ባቲ ከኋላቸው ተከተሉ። አምቡላንሷ ሚሌን አልፋ፣ የባቲን አቀበት ወጥታ፣ አንድም ጊዜ ሳትቆም አመሻሽ ላይ ደሴ ገባች።

ወ/ሮ ውባንች በቀዶ ጥገና ተረፉ። ወንድ ልጃቸው ግን በማኅፀን ሳለ አርፎ ነበር። ሐኪሙ እናቲቱ ከዚህ በላይ ብትዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር አሉ። ልጁ መቼ እንዳለፈ ሲጠየቁ ግን “ይህን ማወቅ አይቻልም” ብለው መለሱ። ያ መልስ አቶ ጥጋቡን እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ኖሯል።

ዱብቲ ሲመለሱ ስብሰባ ተጠርቶ ጠበቃቸው። በመንግሥት ንብረት ላይ አሻጥር ፈጽሟል ተብለው፣ ቤንዚኑን በስህተት የሞሉት እርሳቸው መሆናቸውን በሕዝብ ፊት እንዲያምኑ ተጠየቁ። ካመኑ በተግሣጽ እንደሚታለፉም ተነገራቸው። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚደርስ ሁሉም ያውቃል። አቶ ጥጋቡ ተነሥተው “ሳላሸት መነሣቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ በዚህ ቅጡኝ። ቤንዚኑን ግን እኔ አልሞላሁም” ብለው ተቀመጡ።

ያን ዕለት ማታ ታሰሩ። ወ/ሮ ውባንች ገና ከአልጋ አልተነሡም ነበር። ስንቅ ያመላለሱት ወ/ሮ ቢሰጥ ናቸው። ከሰመራ ሜዳ ወዲህ ከአማቻቸው ጋር ቃል አልተለዋወጡም፤ ሆኖም በየቀኑ ሳህኑን በሻሽ ቋጥረው ይመጣሉ፣ ለዘበኛው ይሰጣሉ፣ ባዶውን ተቀብለው ይመለሳሉ። ምግቡ አንድም ቀን አልቀረም፤ ሰላምታም አንድም ቀን አልመጣም። አቶ ጥጋቡ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲፈቱ ወደ ትራክተር ተመለሱ። አምቡላንሷን የተረከበው ሾፌር ለጦር ግንባር እስኪጠራ ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማሳው ዳር ሆነው ድምፅዋ በየወሩ ሲበላሽ ያዳምጡ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ሲመልሱላቸው ዘይቷ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወፍሮ፣ የአየር ማጣሪያዋ በአቧራ ተደፍኖ አገኟት። ሞተሩን ፈተው አጠቡት፤ ሊተርፍ የሚችለውን አተረፉ። በተከታዩ ዓመት ወ/ሮ ቢሰጥ በጠና ታመው ወደ ደሴ መላክ ሲኖርባቸው፣ ቤተሰቡ እንዴት ብለን በእርሱ መኪና እንልካቸዋለን ብሎ ተጨነቀ። ሌላ ሾፌር ሊለመን ሲታሰብ ወ/ሮ ቢሰጥ ከመኝታቸው ቀና ብለው “ጥጋቡ ይንዳኝ” አሉ። ከዚያ በኋላ ወ/ሮ ቢሰጥ እስኪያርፉ ስድስት ዓመት አብረው በፍቅር ኖረዋል።

በ1977ቱ ድርቅ አቶ ጥጋቡ ከአዳይቱና ከአካባቢው ብዙ ሕሙማን አመላልሰዋል። እናቱ በመንገድ ላይ ያረፈችበትን ሕፃን ከድሩን ጠያቂ ዘመድ ሲጠፋ ወደ ቤታቸው ወስደው አሳደጉት። ስሙንም ሃይማኖቱንም አልነኩበትም፤ አቶ ሱሩር ዱብቲ በመጡ ቁጥር መስጊድ ይዘውት ይሄዱ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ሳል ጸናባቸውና ሥራቸውን ለቀው ወደ አዋሽ ተመለሱ። ሐኪሞች ለዘመናት በጎማ ቱቦ ከበርሜል በአፋቸው የሳቡት ናፍጣ ሳንባቸውን ሳይጎዳው እንዳልቀረ ነገሯቸው። አምቡላንሷ እርሳቸው ሥራ እስከለቀቁ ድረስ አገልግላለች።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ ትንፋሻቸው ባጠረበት በአንዱ ከሰዓት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አፍ አውጥተው ያልጠየቁትን ለባለቤታቸው ጠየቁ፤ “ውቤ፣ ያን ቀን ባልቆም ልጁ ይተርፍ ነበር?”

ወ/ሮ ውባንች ለማጽናናት ብለው አልዋሿቸውም። “አላውቅም፣ ጥጌ” አሉ። “እኔ የማውቀው ተኝቼ እያለሁ ሞተሩ ሲነሣ መስማቴን ነው። ያን ጊዜ ነው እኖራለሁ ያልኩት።” አቶ ጥጋቡ የባለቤታቸውን እጅ ያዙ፤ ከዚያም ውሃ ጠየቁ።

አቶ ጥጋቡ አለሙ ሐምሌ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈው፣ በዛሬው ዕለት ወዳጅ ዘመድ በተሰበሰበበት በትውልድ ከተማቸው አፈር ይለብሳሉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ውባንች ተሰማ፣ ልጆቻቸው ንጋትወርቅና ከድሩ፣ ሁለት እህቶቻቸው፣ እንዲሁም ሌሊቱን ሲነዱ አድረው ለቀብሩ የደረሱት ወንድማቸው አቶ ሱሩር በሐዘን ቀርተዋል።

በሐሩር ብዙ የተጓዙትን እኚህን ሰው ጌታ ጥላ ባለበት ያሳርፍልን። ስም ሳይወጣለት ከቀደማቸው ልጃቸው ጋር ያገናኝልን። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።