የኪታቡ ባዶ ገጾች

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30። ሰመራ

መብራት የለም። ኤሲው ፀጥ ብሏል። ወረቀቱ ሁሉ ክንዴ ላይ ይጣበቃል። ደብተሬ፣ አንተንም በሶፍት እየጠረግሁ ነው የምጽፍብህ፤ ላብ ጠጣሁ ብለህ እንዳታማርር።

ሽማግሌው ዛሬም መጣ። ሸህ ሁመድ፣ ከአሳይታ። ለአራተኛ ጊዜ። በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን ማንም አይሰማኝም። ኪታቡን ስጡኝ ነው የሚለው። ጥር ላይ የባህል ቢሮአችን ኃላፊ ራሱ ሽማግሌው ቤት ድረስ ሄዶ ወስዶበታል፣ ለባህል ኤግዚቢሽን፣ ለሁለት ሳምንት ብሎ። የቅድመ አያቱ የእጅ ጽሑፍ ነው። በዐረብኛ፣ ጸሎት ነው፣ ከኋላው የቤተሰቡ ሙታን ስም አለበት። እኔ የመ/ቤቱ መዝገብ ሠራተኛ ነኝ፣ የቅርስ ሳጥኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ነገ ይምጡ አልኩት። ሚስቴ ታማለች አለ። ፈጣሪ ይማርልዎ ብዬ ወደ ስልኬ ዞርኩ።

ከአሳይታ እዚህ ድረስ በሚኒባስ ታጭቆ ነው የሚመጣው። ይምጣ። እኔም ልጄን ለማየት አዋሽ ድረስ ቀኑን ሙሉ እጋልባለሁ፣ ማን አዘነልኝ?

ሰኔ 5፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ኃላፊው ጠራኝ። ኤግዚቢሽኑ ሲራዘም ቆይቶ ለሰኔ 20 ተቆርጧል። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። የሸህ ሁመድ ኪታብ ግን ሲነኩት ይፈረፈራል፣ ጠርዙን ምስጥ ቀምሶታል። መላ ፈልጊለት አለኝ። ነገሩ ካማረ የአዋሽ ዝውውሬን ይፈርማል።

አዋሽ! ልጄ ቤቲ እህቴ ጋ ከሆነች ሁለት ዓመቷ። ባለፈው እሑድ ስልኩን እሷ አነሳችው። ማን ልበል? አለችኝ። እናትሽ ነኝ ብዬ ዘጋሁት። ማታውን ሙሉ ስነጫነጭ ነበር።

መላው ተገኝቷል። የመታወቂያ ላሚኔት ማሽን አለን አይደል?

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ስሠራ ዋልኩ። ስፌቱን በምላጭ ፈታሁት። የቆዳ ሽፋኑን ገንጥዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፣ አርጅቷል፣ ይሸታል። ከዚያ ቅጠል በቅጠል ፕላስቲክ ውስጥ እያስገባሁ ማሽኑን ማጉረስ። ሲግል እንደ አረረ ቆሎ ሸተተኝ። ሁለት ቅጠል ጠቆረብኝ። ማን ይቆጥረዋል።

መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ባዶ ቅጠሎች ነበሩ። እነሱንም አሸግኳቸው። የጎደለ ሥራ አልወድም። በስፓይራል ጠርዤ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አሁን ውሃ ቢደፉበት፣ ምስጥ ቢለቁበት ምንም አይሆንም። ኃላፊው አገላብጦ አየና አንቺ ጎበዝ አለኝ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ሸህ ሁመድ ከቢሮው በር ቀድሞኝ ተቀምጧል። ሚስቱ ሐዋ ሕመሙ ጠንቶባታል። በቤታቸው የሚያጣጥር ሰው ራስጌ ኪታቡ ይነበባል። ለአንድ ሌሊት ስጪኝና ነገ በእጄ መልሼ አመጣዋለሁ አለ። በቁርአን ማለልኝ።

ኪታቡ ከኃላፊው ተመልሶ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፣ ጉልበቴን ይነካኛል። ብሰጠው፣ ባይመልሰውስ? ዝውውሬስ? ኃላፊው የለም፣ ያለ ፊርማ አይወጣም አልኩት። ወዲያው ኃላፊው ከወዲያኛው ክፍል ሲያስል ተሰማ። ሽማግሌው ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ። እሺ ልጄ ብሎ ተነሣ።

ልጄ አይበለኝ። ያናድደኛል።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ሐዋ ትናንት ሞተች። የአሳይታው ሚኒባስ ሹፌር ነው የነገረን። ምንም አልተሰማኝም ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ተሰምቶኛል፣ ንዴት። አሁን ደግሞ እያለቀሰ መጥቶ ሊያስለቅሰኝ ነው። ምሳዬን ግን ጨርሼ በልቻለሁ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

መጣ። አላለቀሰም። ታጥቦ፣ ንጹህ ሽርጥ ለብሶ፣ በአንድ እጁ የቀለም ብልቃጥ፣ በሌላው የሸምበቆ ብዕር። ዛሬ ልውሰደው አላለም። ልጻፍበት ብቻ ነው ያለው። በቤታቸው የሞተ ሰው ስሙ ከነአባቶቹ ኪታቡ መጨረሻ ላይ ይሰፍራል፣ በሰባተኛው ቀን ሰደቃ ሲወጣ ከዚያ እየተነበበ ዱአ ይደረግለታል። ያልተጻፈ አይነበብም። ሰባተኛዋ ነገ ነው።

ኃላፊው ሰምቶ በደስታ ዘለለ። የኪታቡ ባለቤት ሲጽፍ ፎቶ እናንሳ፣ ለኤግዚቢሽኑ ይሆናል አለ። ኪታቡን አወጣሁ። ሽማግሌው መጀመሪያ የራሱ አልመሰለውም። ሽፋኑን ጠየቀኝ። ኋላ አሳይዎታለሁ አልኩት። ጠቆር ካሉት ሁለት ቅጠሎች ላይ ጣቱን ትንሽ አቆየና አለፋቸው። ባዶዎቹ ጋ ደረሰ። ቢስሚላህ ብሎ ጻፈ።

ቀለሙ አልያዘም። ፕላስቲኩ ላይ ተሰብስቦ ጠብ ጠብ ብሎ ቀረ። በአውራ ጣቱ ጠረገው፣ ምንም እንዳልነበረ ሆነ። ደግሞ ጻፈ። ደግሞ ጠረገ። ኃላፊው ካሜራውን አወረደ።

እኔ ሳቅሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፣ አፌ ሳቀ። በዚህ ይሞክሩ ብዬ ማርከር ሰጠሁት። የሰሌዳ ማርከር ነው፣ እንደሚለቅ አውቃለሁ። በጥንቃቄ፣ ፊደል በፊደል ጻፈ። እጅጌው ሲነካው ለቀቀ።

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። «ባዶዎቹንም ዘጋሻቸው? እነዚህ እኮ ገና ለምንሞተው ነበሩ።»

 ኃላፊው ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ። ሽማግሌው አንቺ የመዝገብ ሰው ነሽ፣ የሆነ ቦታ ጻፊልኝ፣ ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ አለኝ። የሐዋን ስም ከሰባት አባቶቿ ጋር ነገረኝ። ቀስ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ። እሺ፣ እሺ አልኩ። ብዕር አላነሣሁም። ቶሎ እንዲሄድልኝ ነበር የምፈልገው። ብልቃጡን ከድኖ፣ ኪታቡን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ሄደ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

አንድ ጎረምሳ ከአሳይታ መጣ። ሸህ ሁመድ ልከውኝ ነው፣ ወረቀቱን ስጪኝ አለ። አልደረሰም አልኩት። እስከ ስምንት ሰዓት በረንዳው ላይ ቆየና ሚኒባሱ ሳያመልጠው ሄደ። ሰደቃው ዛሬ ነው።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

የቅርስ መመዝገቢያ ቅጹን ሞላሁ። ያለበት ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ። የተገኘበት መንገድ፦ ኃላፊው በስጦታ በይው አለኝ፣ በስጦታ አልኩት። አራት ሰዓት ላይ ዝውውሬ ተፈረመ። ቤቲ ጋ ደወልኩ። የምትተኚው ከእኔ ጋ ነው ወይስ ከአክስቴ ጋ? አለችኝ። አለቀስኩ።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ፣ 6 ሰዓት። ገዋኔ

አውቶቡሱ ለምሳ ቆሟል። ከጅቡቲ የመጡ ከባድ መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል፣ አቧራው ሻዬ ውስጥ ይገባል። ማታ አዋሽ ነኝ። ኤግዚቢሽኑ አምሮ ነበር። እንግዶቹ ፕላስቲኩን በጣታቸው እያንኳኩ አሁን መቶ ዓመት ይኖራል አሉ። ኃላፊው በስሜ አመሰገነኝ። እኔ አጨበጨብኩ።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሣ ወሰንኩ። ሌላው ቢቀር አንተ ወረቀት ነህ፣ ቀለም ትይዛለህ። የሐዋን ስም ከነአባቶቿ እዚህ ጽፌ፣ ገጹን ቀድጄ፣ ወደ ሰመራ ለሚመለስ ሹፌር ሰጥቼ ለሸህ ሁመድ አሳይታ ድረስ ላድርስላቸው። ሰባተኛው ቀን አልፏል፣ ግን አርባ አለ። ቀላል ነገር ነው። ሦስት ጊዜ ነግረውኛል፣ ፊቴ ቆመው፣ ቀስ ብለው።

ሐዋ። የአህመድ ልጅ። ወይስ የመሐመድ? አህመድ ነው። አህመድ፣ የ